ደሴ የተኛበት ሣር

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። በእጄ ነክቼዋለሁ። ውሸት ከሆነ ዘንድሮ ሰሊጤ ሳይታጨድ ይርገፍ!

ከኮኪት ወጣ ብሎ ነው። ኅዳር ወር፣ ቀትር፣ ስድስት ሰዓት... ዝንብ እንኳ ጥላ የሚፈልግበት።

እኔ ትዕዛዙ ነኝ። ከሸሕዲ እስከ ገለጉ ጅብ ስሜን ሲሰማ መንገድ ይለውጣል።

እኛ ዘንድ ሣር የሚያቃጥል ሰው ክብሪት ከመጫሩ በፊት ሦስት ጊዜ ይጮኻል።

"እሳት ነው! ውስጥ ያለህ ውጣ!"

የቀን ሠራተኛ ሙቀት ሲበረታበት ሣር ውስጥ ገብቶ ይተኛልና።

አምና ጓደኛዬ ፈረደ ቸኩሎ ሳይጮህ ለኮሰ።

ውስጥ ደሴ ተኝቶ ነበር። ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ ሰው።

ዘንድሮ ያንኑ ቦታ ልናቃጥል ሄድን። ትራክተሩን እኔ ነዳሁ፤ የፈረደ ሚስት ሰርካለም ምሳ ይዛ ተጎታቹ ላይ ነበረች።

ሣሩ ግመል ከነጭነቱ ይሰውራል። ጫፉ ላይ ያለው ለስላሳ አበባ የቀበሮ ጅራት ይመስላል።

ዙሪያው ሁሉ ደርቋል። ደሴ የተኛበት ብቻ... እርጥብ ነው።

ነፋስ የለም። ጅራቶቹ ግን ዞሩ።

ወደ ፈረደ።

"ትዕዛዙ... አየህ?"

"ነፋስ ነው፤ ዝም በል።"

"የታለ ነፋሱ?"

"ሚስትህን መፍራትህ አንሶ ሣር ጀመርክ?"

አልሳቀም። ሽበት ጣል ጣል ያለበትን ጢሙን ዳበሰና ከትራክተሩ ወርዶ ክብሪቱን አወጣ።

"ዘንድሮስ እጮሃለሁ" አለ።

አፉን ከፈተ...

ጩኸቱ ከሣሩ ውስጥ መጣ። በጎጃም አነጋገር።

"እሳት ነው! ውስጥ ያለህ ውጣ!"

ሁለት ጊዜ።

እሳት አልነበረም። የተቃጠለ ፀጉር ግን ሸተተኝ።

ሦስተኛው ቀስ ብሎ ነው የመጣው።

"ውጭ ያለህ... ግባ።"

ሣሩ የፈረደን እግር ጠመጠመው! እኔ ምኔ ሞኝ! ማጭዴን ይዤ ዘለልኩ። ሺህ ጅራት ቆርጬ፣ ፈረደን እንደ ጆንያ ተሸክሜ አወጣሁት! ዛሬ ጎንደር ዘመዶቹ ጋ ተኝቶ ስሜን እየጠራ ይመርቀኛል።

ትናንት ይህንኑ ሸሕዲ ሻይ ቤት ሳወራ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሰማኝ።

ሰርካለም በሩ ላይ ቆማ ኖሯል።

"ጋሽ ትዕዛዙ..." አለች ቀስ ብላ። "ከትራክተሩ አልወረዱም'ኮ። እኔን እንደጫኑ ነዱት... እየጮህኩ።"

አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበች።

"ፈረደንም ሣሩ አልያዘውም። ክብሪቱን ጥሎ በገዛ እግሩ ገባ። ሣሩ ከፈተለት... ከኋላው ዘጋ።"

"ሰርካለም..." አልኩ።

"አልወጣም። በየቀኑ እሄዳለሁ። አበባውን በእጄ ስዳብሰው..."

መዳፏን አየችው።

"ጢሙ ነው። ሽበቱ ሳይቀር።"