ከውስጥ የሚንኳኳው ባዶ ቤት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን አልጠጣሁም፣ አላንቀላፋሁም፣ ብቻዬንም አልነበርኩም። አብሮኝ የነበረው ሰው ዛሬም በሕይወት አለ... የዚያ ቤት ነገር ሲነሳ ግን ከመቀመጫው ተነስቶ ይወጣል።

ሰዓቱ ከቀኑ አስር ሰዓት ነው። የሐምሌ ፀሐይ አስፋልቱን የሚያቀልጥበት ሰዓት።

ቦታው አሜሪካ፣ ሰሜን ፊላደልፊያ፣ ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር።

ስሜ ቨርኔታ ይባላል። ሥራዬ የሰው በር ማንኳኳት ነበር።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተኩስ ጥናት ያካሂድ ነበር። እነዚያ ሐኪሞች ተኩስን የሚያዩት እንደ ወረርሽኝ ነው። ኩፍኝ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚዛመት እንደሚጠና ሁሉ፣ ጥይትም የትኛው መንገድ ላይ እንደሚበዛና ለምን እንደሚበዛ ይመረምራሉ። ሐሳባቸው ቀላል ነው። ሰው ጥሎት የሄደ ቤት፣ ጎማና ቆሻሻ የሞላው ባዶ ቦታ... ሽጉጥ የሚደበቀው እዚያ ነው። ታዲያ ቦታው ቢጸዳ፣ ሣር ቢተከልበት፣ ለባዶው ቤት በርና መስኮት ቢገባለት፣ ተኩሱ ይቀንስ ይሆን?

ይህን ለማወቅ ዕጣ ወጣ። ዕጣ የደረሰው መንገድ ይጸዳል። ያልደረሰው እንዳለ ይተዋል... ለማወዳደሪያ።

የሚስ ኦፓል መንገድ ዕጣ አልደረሰውም።

ሚስ ኦፓል ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የኖረች፣ ጉልበቷ ያለቀ ሴት ናት። እኔና የሥራ ጓደኛዬ ዊልፍሬዶ ስንደርስ ደረጃዋ ላይ ተቀምጣለች። በዚያ ሙቀት የተተኮሰ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ... እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው።

ጥያቄዎቼን ጀመርኩ።

"በቅርቡ ተኩስ ሰምተዋል?"

"የማይሰማ አለ እንዴ እዚህ?"

"እንቅልፍስ ይወስድዎታል?"

"ሌሊቱንስ እተኛለሁ የኔ ልጅ። ቀኑ ነው የከበደኝ።"

"ቀን ምን አለ?"

በአገጯ ከመንገዱ ማዶ ጠቆመችን። ፊት ለፊቷ አንድ ባዶ ቤት አለ። በሩና መስኮቱ በጣውላ ታሽጓል።

"ልጄ ያንኳኳል" አለች።

ዊልፍሬዶ ቀልድ አዋቂ ነው፤ ሁሌም አንድ ነገር ጣል ሳያደርግ አያልፍም። ያኔ ግን አፉን ከፈተና... መልሶ ዘጋው።

ድምፁ መጥቶ ነበር።

ኳ... ኳ... ኳ።

ቀስ ያለ ነው። አቅም ያነሰው ሰው የሚያንኳኳው ዓይነት።

"አይጥ ነው" አለኝ ዊልፍሬዶ በሹክሹክታ።

"አይጥ እረፍት እየወሰደ ያንኳኳል?"

"ዝም በይ ቨርኒ።"

ተሻገርን። መንገዱ ሁሉ የጠርሙስ ስብርባሪና የወረቀት ክምር ነው። የዚያ ቤት ደረጃ ግን ንጹሕ ነበር። ተጠርጓል። ገና አሁን የተጠረገ ይመስላል።

"ደረጃውን እርስዎ ነዎት የሚጠርጉት?" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ?" አለች ሚስ ኦፓል። "ይሄ ጉልበት መቼ መንገድ ያሻግረኛል!"

ጣውላውን አየሁት። ሚስማሮቹ ተመትተው ገብተዋል። አናታቸው ግን ወደ ውጭ ወጣ ወጣ ብሏል... አንድ ሰው ከውስጥ በትከሻው ሲገፋው የኖረ ይመስል።

እጄን አስጠጋሁ። በዚያ የሐምሌ ሙቀት ጣውላው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ስንመለስ ነገረችን።

ልጇ ተሪል ይባላል። ፀጉር ቆራጭነት ይማር ነበር። ጠቡ የእሱ አልነበረም፤ አስር ሰዓት ላይ፣ አውቶቡስ ሊጠብቅ ከቆመበት ነው ጥይቱ ያገኘው። ሆዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሮጠ። እናቱ ሥራ ላይ ነበረች። ቁልፉ መንገድ ላይ ወድቆበታል።

"የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኳ" አለች። "ተኩስ ስለተሰማ ማንም አልከፈተም። እኔም ብሆን እፈራለሁ... አልፈርድባቸውም።"

እንደገና በአገጯ ወደ ማዶ ጠቆመች።

"ከዚያ በዚያ ቤት ጓሮ በኩል፣ ጣውላው በላላበት ሾልኮ ገባ። ማምሻውን ፖሊስ በደጁ አለፈ፣ አምቡላንስም አለፈ። ሲነጋ ነው ያገኙት። እኔ ከሥራ ገብቼ እዚህ ቤት ተኝቼ አደርኩ። ከመንገድ ማዶ እሱ... እኔ ደግሞ ተኝቼ።"

ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

"ለሌላው መንገድ በር እያስገባችሁ ነው አሉ። አንድ በር ብቻ። እጀታ ያለው። ከውስጥ የሚከፈት።"

ለጥናቱ ኃላፊ ለዶክተር ሃሎራን ነገርኳት። መንኳኳቱን ሳይሆን በሩን ነው የነገርኳት። ዶክተሯ ክፉ ሰው አይደለችም። ወጣትነቷን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የተመቱ ልጆች ስትሰፋ ያሳለፈች ናት። ዓይኗ ቀላ።

"ለአንዱ ካዳላን መልሱ ይበላሻል ቨርኔታ። መልሱ ከተበላሸ ደግሞ ከተማው ለማንም በር አይገዛም። ለማንም።"

እውነቷን ነው። ግን የሚስ ኦፓል እጅ እጄ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ አልለቀቀኝም።

እሁድ ዕለት እኔና ዊልፍሬዶ ለማንም ሳንናገር አንድ በር በመኪናው ጣሪያ ላይ ጭነን ሄድን።

ጣውላውን መንቀል ስንጀምር አጠገብ ካለው ቤት አንድ ሽማግሌ መዶሻ ይዞ ወጣ። ሚስተር ለስተር ነው። የሚያባርረን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሚስማር ይነቅልልን ጀመር።

ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "እኔ በሬ ጀርባ ቆሜ ነበር" አለ። "በስሜ ነው የጠራኝ። 'ሚስተር ለስ፣ እኔ ነኝ' አለኝ። መቀርቀሪያውን ይዤ... ይዤ ቀረሁ።"



የመጨረሻው ሚስማር ሲነቀል ጣውላው ወደ እኛ ወደቀ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ወለሉን አቧራ ሸፍኖታል፣ አንድም ዱካ የለበትም። ድመት እንኳ አልረገጠውም።

"ቨርኒ... ጣውላውን ገልብጪው" አለኝ ዊልፍሬዶ።

ገለበጥኩት።

የውስጠኛው ገጽ በእጅ አሻራ ተሞልቷል። መዳፍ በመዳፍ ላይ። ከፍ ብሎ ሳይሆን ከታች፣ ከጉልበት በማያልፍ ከፍታ... መቆም ያቃተው ሰው ተቀምጦ የሚያንኳኳበት ቦታ ላይ።

አሻራው እርጥብ ነበር።

ዊልፍሬዶ አማተበ። ሚስተር ለስተር ደረጃው ላይ ተቀመጠና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ።

በሩን ገጠምነው። ማጠፊያውን እኔ አሰርኩ። ከዚያ ሚስ ኦፓልን ግራና ቀኝ ደግፈን አሻገርናት። ቀላል ነበረች። ቀሚስ ብቻ የያዝን መሰለኝ።

እጀታውን ራሷ ይዛ ከፈተች።

"ውጣ የኔ ልጅ" አለች። "እማ ናት። በሩ ተከፍቷል።"

ምንም የለም።

"አትፍራ። የተኮሱት ሄደዋል። ማንም የለም።"

ያኔ... በመሃላችን አንድ ብርድ አለፈ። ነፋስ አልነበረም፤ የዛፍ ቅጠል አልተነቃነቀም። የቀሚሷ ጫፍ ብቻ ትንሽ ወደ ጎን ተገፋ። ሰው በጠባብ ቦታ ሲያልፍ እንደሚገፋው።

ሚስ ኦፓል ዞራ መንገዱን አየች። ላይ ታች አየች። የሆነ ሰው ስትፈልግ ቆየች።

መልካም ያደረግን መስሎን ነበር። በመኪና ውስጥ ሁለታችንም አልቅሰናል፤ እፎይታም ነበረው።

በማግስቱ ያንኑ ሰዓት ሄድኩ። ደረጃዋ ላይ ናት። ቀሚሷ የትናንቱ ነው፣ አልተተኮሰም። ፀጉሯም አልተሠራም።

አስር ሰዓት ሆነ። ጸጥታ። አለፈ። ጸጥታ።

"ወጣ" አለች።

"አዎ ሚስ ኦፓል። ወጣ። አረፈ።"

"እኔ ጋ ግን አልመጣም።"

አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"በሬን ከፍቼ ነው ያደርኩት" አለች። "እንጀራ ልጅ እንኳ ቤቱን ያውቃል። የኔ ልጅ መንገዱ ጠፋው? ወይስ... ያን ቀን አልከፈተችልኝም ብሎ ነው?"

"ሥራ ላይ ነበሩ እኮ!"

"እሱ ያንን አያውቅማ። አንኳኩቶ የተዘጋበት መጀመሪያ የኔ በር ነው።"

ከዚያ እስከ ዛሬ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝን ቃል ተናገረች። ሳትቆጣ ነው የተናገረችው። ለስለስ አድርጋ።

"በሩን ባታስገቡት ኖሮ ይሻል ነበር የኔ ልጅ። ቢያንስ ድምፁ ነበረኝ።"

ጥናቱ በብርዱ ወራትም ይቀጥል ስለነበር ጥር ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ቀትር ላይ ነው። በረዶ መንገዱን አልብሶታል። የሚስ ኦፓልን በር አንኳኳሁ... መልስ የለም። ደጋግሜ አንኳኳሁ።

ሚስተር ለስተር አካፋውን ይዞ መጣ።

"አልነገሩሽም?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ቀበርናት እኮ። በእንቅልፏ ነው የሄደችው። ልቧ ነው አሉ።"

እዚያው በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። አላነሳኝም። አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሲበቃኝ ቀና አልኩ። ከማዶ የገጠምነው በር ገርበብ ብሏል።

"ማን ከፈተው?"

"እንጃ። እኔ አልጠጋም።"

ተሻገርኩ። ደረጃው ላይ ያለው በረዶ አልተነካም፤ የገባም የወጣም የለም። በሩን በጣቴ ገፋሁት።

ሣር ነበር።

ያ አቧራ የነበረበት ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሣር ለብሷል። ለምለም፣ የግንቦት ሣር። ከውጭ በረዶ እየጣለ፣ ከውስጥ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል።

መሃል ላይ ሣሩ ተኝቷል። አንድ ረጅም ሰው በጎኑ የተጋደመበት ቅርጽ። ከጀርባው ተጠግቶ ደግሞ ሌላ፣ አጠር ያለ፣ ጉልበቱን ያጠፈ... እናት ልጇን ከኋላ አቅፋ ስትተኛ እንደሚሆነው።



ከዚያ አየሁት። ከቅርጾቹ ዳርና ዳር፣ የተጋደመው ሣር፣ ሁለቱ ገና አሁን የተነሱበት ይመስል፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ... ቀና ማለት ጀመረ።