አምፖል የታቀፈችው ዶሮ

ሥራችን ለሰው ሲነግሩት ያስቃል። በፊልም መጋዘኑ ምድር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ድምፅ የሌላቸውን የድሮ የካርቱን ፊልሞች እያየን ከአሥር ነጥብ እንሰጥ ነበር፤ ከነምክንያቱ። ሁለታችንም ከአምስት በላይ ከሰጠነው ይቀመጣል። አንዳችን ካሳነስን ይጣላል። የሌላውን ወረቀት ማየት ክልክል ነው።

ባልደረባዬ ዝምተኛ ነበር። እኔ ደግሞ ለመሳቅ ሰበብ አልፈልግም፤ «ሳቂታዋ» ይለኛል። ፊልሙ ሲጀምር ፊቱን ከሸራው መልሶ ወደ እኔ ያዞራል። ስንወጣም ደረጃው ላይ ክንዴን ይይዛል። ወዶኛል አልኩ። እኔስ ከማን አንሼ ብዬ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት መቆም አበዛሁ። አብረን በሠራን በስምንተኛው ወር እኔው ወድጄው ቁጭ አልኩ።

ሐኪሙ የታመመችው እናቴ የመዳን ተስፋ እንደሌላት በነገረኝ ማግስት የዶሮዋ ፊልም ደረሰን። አንዲት ዶሮ አምፖል እንቁላል መስሏት ትታቀፋለች። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል፤ እሷ ንቅንቅ አትልም። መጨረሻ ላይ አምፖሉ ከሥሯ ቦግ ይላል። እንደሷ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም። መሳቅ ግን አልቻልኩም። ዘጠኝ ሰጥቼ ወጣሁ።

በነጋታው ከሚጣሉት ዝርዝር ውስጥ አገኘኋት። እሱ ሁለት እንደሰጣት እዚያው ተጽፏል።

«ዶሮዋን ሁለት? አንጀት የለህም እንዴ?»

ቀስ ብሎ «ዶሮ ናት እንዴ?» አለኝ።

ዓይኑን አተኩሬ አየሁት።

«ከጥላ በቀር ምንም ካላየሁ ዓመት አለፈኝ» አለ። «ስትስቂ እሰማለሁ፤ በሳቅሽ ልክ ነጥብ እሰጣለሁ። ትናንት አልሳቅሽም።»

«ታዲያ ወደ እኔ የምትዞረው ለዚህ ነው?»

«መጀመሪያ ሥራዬን እንዳላጣ ነበር። ኋላ ፊልም በሌለበትም መዞር ጀመርኩ። አንቺ ልብ አላልሽም።»

ዶሮዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ ግማሹን እየሳቅሁ፣ ግማሹን እያለቀስኩ።

«ማንም አላወቀም» አልኩት። «ከእንግዲህ በጆሮህ እነግርሃለሁ።»

«ስንቱን ሳላየው አስጥያለሁ። ለኃላፊው ተናግሬ እሷን እንኳ ላትርፍ።»

«እሺ፣ ሥራው ይቅር። አብረን እንኑር፤ እኔ እመራሃለሁ።»

እጄን ፈልጎ ያዘ። «እናትሽን እያስታመምሽ ሁለተኛ በሽተኛ ልጨምርብሽ? አላደርገውም።»

ለኃላፊው ሁሉንም ተናገረና በሳምንቱ ወደ እህቱ አገር ሄደ። አድራሻ አልተወልኝም። እሱ ዝቅ ያደረጋቸውና ገና ያልተጣሉት ፊልሞች እንደገና ታዩ፤ ዶሮዋ ተረፈች። እናቴ ግን ክረምቱን አልዘለቀችም።

ዘንድሮ የፊልሟን ቆርቆሮ ስከፍት የእሱ ወረቀት ከውስጥ ወጣ። ሁለት የሚለው ነጥብ ተሰርዟል። ከጎኑ፣ ከመስመር በወጣ የተንጋደደ ፊደል «አሥር» ይላል። ምክንያት በሚለው ቦታ ደግሞ «ሳቂታዋ እያለቀሰች ነግራኛለች» ብሎ ጽፏል።

ከአዲሱ ባልደረባዬ ጋር ፊልሟን አየናት። እሱ ዓይኑን ከሸራው አይነቅልም። አምፖሉ ሲበራ እንደ ድሮዬ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ወደ እኔ የዞረ አልነበረም።