የቆጡ ተከራይ

ወንድሟ ከእንጨቱ ደረጃ ሥር አንገቱ ተቆልምሞ ወድቆ ስታገኘው፣ እናትየው መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ወንድሟ አልነበረም፤ ስለ ልጇ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ስልክ ሲጠራ መርዶ፣ በር ሲንኳኳ ፖሊስ ይታያታል። ልጇ አምስት ደቂቃ ከዘገየ መኪና ገጭቶታል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን የጠበቀችው ሁሉ ቀጠሮ የተያያዘ ይመስል አንድ ላይ መጣ።

ጮኸች። የወንድሟ ሚስት ከመኝታ ቤት፣ ጎረቤቶች ከግቢያቸው እየሮጡ መጡ። ከጎረቤቶቹ አንዱ «ኤሌክትሪክ ይዞት እንዳይሆን!» ብሎ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጠፋ። ሁለት ሰዓት ገና ማለፉ ነበር። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል።

ሦስት ሰዓት ላይ ፖሊሶች ደረሱ። አብራቸው የመጣችው መርማሪ አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ቤቱን በውጭ በኩል አንድ ጊዜ ዞረችው። ከዚያ ጫማዋን በጨርቅ አብሳ ገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉንም ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ነገሩ እስኪለይ ማንም አይወጣም» አለች።

ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጡት አራት ናቸው፦ የሟች ሚስት፤ የሟች ታናሽ እኅት የሆነችው እናትየው፤ የሃያ አምስት ዓመት ልጇ፣ ሰፈሩ «ሽቦ» የሚለው፤ እና የሟች የሥራ ሸሪክ። ሟቹ ፎቶግራፈር ነበር። የቤቱ የፊት ክፍል ስቱዲዮው ነው፤ በአንድ በኩል ወደ መንገድ፣ በሌላው ወደ ኮሪደር ይከፈታል። ከኮሪደሩ ቀጥ ያለ የእንጨት ደረጃ ወደ ቆጡ ይወጣል። ቆጡ ላይ ደግሞ ሽቦ ለአጎቱ የሠራለት ኮምፒውተር አለ። የሠላሳ ዓመት ፎቶዎች ያሉት እዚያ ውስጥ፣ ስድስት ዲስኮች ላይ ነው። ቤተሰቡ «ሳጥኑ» ይለዋል።

«ሳጥኑ ነው የገደለው!» አለች ሚስትየው ደረቷን እየደቃች። «ከእኔ ይልቅ ከእሱ ጋር ነበር የሚያመሸው። ሰሞኑን ፎቶ ሲከፍት እየቆመ ሲያስቸግረው ከዚህ ልጅ ጋር ተጣሉ። ትናንት ምን እንዳለው ጠይቁት!»

መርማሪዋ ወደ ሽቦ ዞረች። ሽቦ አንገቱን ደፋ።

«እሑድ ሳይደርስ ካላስተካከልከው ሳጥንህንም ራስህንም ይዘህ ከቤቴ ውጣ አለኝ።»

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። የሚገቡበት ሌላ ቤት የላቸውም። አሁን ደግሞ እንውጣ ቢሉም በሩ ተቆልፏል።

«ጋሼ ሲቆጣ እንዲያ ነው፤ ሲመሽ ይረሳዋል» አለች።

«ለምን ነበር የተቻኮለው?» አለች መርማሪዋ።

«ሰኞ ነዋ!» አለች ሚስትየው። «የፎቶ ውድድሩ ዳኞች ሰኞ ይመጣሉ። የእሱ» ወደ ሸሪኩ ጠቆመች «ሥራዎች ለመጨረሻው ዙር ደርሰዋል። ባለቤቴም ‹ለዳኞቹ የማሳያቸው አንድ የቆየ ነገር አለኝ› ሲል ነበር። ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ሸሪኩ ፀጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። የሚስትየውን እጅ ያዘ።

«አይዞሽ እትዬ፤ ሥራው እንኳን ደህና ነው። ስድስቱም ዲስኮች ስክሪኑ ላይ ተደርድረው በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። አንዱም አልተነካም።»

«መቼ አዩአቸው?» አለች መርማሪዋ።

ሸሪኩ አንድ ጊዜ ዓይኑን አርገበገበ። «ኀሙስ። ራሱ ቆጡ ላይ ወስዶ አሳየኝ። ዛሬማ የመጣሁት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ እናንተ ስትገቡ። መብራትም አልነበረም።»

መርማሪዋ መነጽሯን አደረገች። «እናቴ፣ ልጅዎ ጠዋት የት ነበር?»

«ተኝቶ» አለች እናትየው ፈጥና። «የሌሊት ተረኛ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ገብቶ ተኛ።»

«አይተውታል?»

«ሲያንኮራፋ ሰምቼዋለሁ።»

መርማሪዋ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ይወርዳል፤ እርስ በርስ ለመሰማማት እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚነጋገሩት።

«በዚህ ዝናብ?»

እናትየው ሻርፕዋ ሥር የያዘችውን ታብሌት ይበልጥ ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው።

*

መርማሪዋ መብራቱን አስመልሳ ሽቦን ወደ ቆጡ ስትወስደው፣ እናትየው ተከተለች።

«ያለ እኔ አንዲት ቃል አይተነፍስም!»

«እማ፣ ኧረ ተይ!»

«ይምጡ» አለች መርማሪዋ። «ከደረጃው አፍ ላይ ግን እንዳይቆሙ። ወንድምዎ የወደቁት ከዚያ ነው።»

ቆጡ ሰው ቀና ብሎ የማይቆምበት ጠባብ ቦታ ነው። እናትየው ጎንበስ ብላ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ትንፋሽ አጠራት።

«ምንም እንደማታውቅ አክስትህ አድርገህ አስረዳኝ» አለች መርማሪዋ።

«ከውጭ ሲታይ አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው የሚሠራው። ውስጡ ግን በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ይኖራል። የውጭውን አከራይ፣ የውስጡን ተከራይ በይው። ፎቶዎቹን የሚጠብቀው ተከራዩ ነው። ስድስቱ ዲስኮች በአንድ ካርድ ላይ ተሰክተዋል፤ ካርዱን ከነዲስኮቹ ለተከራዩ አስረክቤዋለሁ። አከራዩ አይነካውም።»

«አከራይ የገዛ ክፍሉን አይነካም?»

«ቁልፉን አስረክቧላ! ማሽኑ ሲነሣ አከራዩ ካርዶቹን እንደ ሰልፈኛ ይቆጥራል። ‹አንደኛውን ተወው፣ የተከራዩ ነው› ብዬ አዝዤዋለሁ። ስለዚህ ገና ከመነሻው ያልፈዋል።»

«ይህ ስክሪን የማን ነው?»

«የአከራዩ።»

«አስነሣው።»

ሽቦ ቁልፉን ተጫነ። ማራገቢያው ጮኸ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ጽሑፎች ይወርዱ ጀመር። ከዚያ ስድስት መስመሮች ተደረደሩ። የዲስኮቹ ስምና መጠን ነበሩ።

«ኧረ! እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለ ሽቦ። «አንድም ቀን እዚህ ታይተው አያውቁም!»

ማሽኑን አጥፍቶ የጎኑን ክዳን ከፈተ። ክዳኑ ላይ በውስጥ በኩል በእጁ የጻፋት ወረቀት ተለጥፋለች፦ «ካርዱ ከቦታው አይነቀል።» ካርዱ ግን ከመጀመሪያው ክፍተት ተነቅሎ ሦስተኛው ውስጥ ተሰክቷል።

«ሰው ነክቶታል» አለ። «አንደኛው ከሰልፉ ፊት ተነሥቶ ከኋላ ሲቆም፣ ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል። አከራዩ ደግሞ ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ተራ ነው። የመረብ ካርዱን አውጥቶ ለተከራዩ ሰጥቶታል፤ ዲስኮቹን ለራሱ አስቀርቷል። ተከራዩ እንዴት ይነሣ?»

«የመረብ ካርዱ ምን ያደርጋል?»

«የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው።»

«ካርዱ በዚህ ሁኔታ ተሰክቶ፣ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ሊኖር ይችላል?»

«በጭራሽ። ለመንቀልም ማሽኑን ማጥፋት ግድ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኢንተርኔት የለም ማለት ነው።»

«ይህን መክፈት የሚያውቅ ማን አለ?»

ሽቦ ትከሻውን ሰበቀ። «እዚህ ቤት እኔ ብቻ ነኝ።»

እናትየው እጇን ዘርግታ እጅጌውን ጎተተችው። ልጇ በገዛ አፉ ገመዱን አንገቱ ላይ እያጠበቀው ነው፤ አያውቀውም።

«ኢንተርኔቱ የጠፋው ስንት ሰዓት ነው?»

«እኔ... ተኝቼ ነበር» አለ ሽቦ፣ እናቱን እያየ።

መርማሪዋ ቀስ ብላ ወደ እናትየው ዞረች። «ይህን ታብሌት እንደ ጡት ልጅ አቅፈው የሚዞሩት ለምንድን ነው?»

«ምንም የለው።»

«እናቴ፣ የሚደብቁት ነገር ልጅዎን የሚያስገባው ይመስልዎታል። ምናልባት የሚያስወጣው እሱ ይሆናል። እርስዎ ግን ሁልጊዜ የባሰውን ነው የሚያስቡት።»

እናትየው የወለሉን ጣውላ እያየች አወጣችው።

«ከእኅቴ ጋር እያወራሁ ነበር፤ ሌላ ከተማ ናት። ይሄ ሲም የለውም፤ በቤቱ ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚሠራው። ሳምንቱን ሙሉ በየጠዋቱ እናወራለን፤ አንድ ቀን ተቋርጦብን አያውቅም። ዛሬ ‹ጋሼ ደህና ነው?› ስትለኝ፣ ሳልመልስላት ጠፋ። ከአንድ ሰዓት ተኩል አሥር ደቂቃ አልፎ ነበር። ልጄን ልቀሰቅስ ሄድኩ...» ታብሌቱን ለመርማሪዋ ዘረጋችላት። «አልጋው ባዶ ነበር።»

«እማ!»

«ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጋሼን ልጠይቀው ብዬ ወደ ኮሪደሩ ስወጣ...»

መርማሪዋ ሽቦን አየችው። «የት ነበርክ?»

ሽቦ ፊቱ ቀላ። «ከቤቱ ጀርባ፣ ጣሪያው ሥር ተጠልዬ።»

«ምን ስታደርግ?»

«... ሳጨስ።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

«ቤቱን ስዞር ቁራጮቹን ቆጥሬያቸዋለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሰው የሚጠብቅ እንዲያ አያጨስም፤ እንዲያ የሚያጨሰው የተናደደ ነው።»

እናትየው ልጇን አፍጥጣ አየችው። በዚያ ሁሉ መሐል፣ ወንድሟ ሞቶ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ከአፏ የወጣው ሌላ አልነበረም።

«ሲጋራ! ሳንባህን ልትጨርሰው ነው?»

*

ቀትር ላይ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ሸሪኩ እንደገና የሚስትየውን እጅ ይዟል። አንድ ፖሊስ ከስቱዲዮው ገብቶ በመርማሪዋ ጆሮ አንድ ነገር ነገራት፤ በእጇም ትንሽ ነገር አስጨበጣት። እጇን ኪሷ ውስጥ አድርጋ ቆመች።

«ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ» አለች «አንድ ሰው ቆጡ ላይ ወጥቶ ማሽኑን አጠፋ። ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ያ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ካርዱን ነቀለ። ያለ ካርዱ ፎቶዎቹን መክፈት እንደማይቻል ሰምቶ ነበር። ሽቦ፣ ከማን ፊት ነው ይህን ያወራኸው?»

«ከሁሉም ፊት» አለ ሽቦ። «ስለ ሳጥኑ ማውራት ስጀምር አላቆምም።»

«አያቆምም» አለች ሚስትየው፣ ሳታስበው።

«ሟቹ ድምፅ ሰምተው ወጡ። ተጨቃጨቁ፤ ተገፉ፤ ወደቁ። ዝናቡ ሁሉን ዋጠው። ያ ሰው ደነገጠ። ምንም ያልተነካ ለማስመሰል ካርዱን መልሶ ሰካ። ግን ከየትኛው ክፍተት እንደነቀለው ጠፋበት፤ በሦስተኛው ሰካው። ማሽኑን አስነሣ። ስድስቱ ዲስኮች ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ‹ተመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው› አለ። የማሽኑን ሕመም እንደ ጤና ቆጠረው።»

ሸሪኩ ቀዝቃዛ ፈገግታ አሳየ። «እኔን ከሆነ፣ ኀሙስ እንዳየሁ ነግሬሻለሁ።»

«ኀሙስ ሊያዩ አይችሉም። ካርዱ በቦታው እያለ ያ ስክሪን ዲስኮቹን አያሳይም።»

«ታዲያ ኀሙስም ካርዱ ከቦታው ወጥቶ ነበር ማለት ነው! ማሽኑ ሰሞኑን ሲታመም አልነበር? ልጁ አዛውሮት ይሆናላ!»

ሽቦ አፉን ከፈተ፤ መርማሪዋ በእጇ አስቆመችው።

«እኔም ይህን አስቤ ነበር። ግን ካርዱ ሦስተኛው ክፍተት ላይ ከሆነ ቤቱ ኢንተርኔት የለውም። እኒህ እናት ደግሞ ኀሙስም፣ ዓርብም፣ ዛሬ እስከ አንድ ሰዓት ከአርባም ከእኅታቸው ጋር በዚሁ ኢንተርኔት አውርተዋል፤ ታብሌቱ መዝግቦታል። እነዚያ ስድስት መስመሮች የታዩት ዛሬ ብቻ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ከአርባ በኋላ፣ ጎረቤት መብራቱን ከማጥፋቱ በፊት። በዚያች ሃያ ደቂቃ ስክሪኑ ፊት የቆመው ሰው አንድ ነው። እሱም ሚስትየውን ሲያጽናና ‹ስድስቱንም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ› ያለው ሰው ነው።»

ሸሪኩ ወደ በሩ አየ። በሩ እንደተቆለፈ ነው።

መርማሪዋ እጇን ከኪሷ አውጥታ ጣት የምታህል ቀጭን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሦስተኛውን ክፍተት የሚሸፍነው ይህ ነበር። ካርድ ሲገባ ይነሣል። ስቱዲዮው ውስጥ፣ ከካሜራ ቦርሳዎ ሥር ተገኘ። ሲደነግጡ ከመሣሪያዎ ጋር ሰብስበው ያዙት፤ መሄጃ ግን አላገኙም፤ ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር። በስቱዲዮው ተሸሽገው ቆይተው ሦስት ሰዓት ላይ ‹ገና መምጣቴ ነው› አሉ። ጫማዎ ግን ደረቅ ነበር። እኔ ከመኪና እስከ በር እንኳ ረጥቤያለሁ።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሸሪኩ ጫማ ወረደ። እሱም አየው፣ የሌላ ሰው ጫማ ይመስል።

«ሥራዎቹ የሱ ነበሩ» አለ በመጨረሻ፣ ለስላሳው ድምፅ ተሰብሮ። «ለውድድሩ የላክኋቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ያነሣቸው ናቸው። ከነቀናቸው ሳጥኑ ውስጥ ነበሩ። እስከ ሰኞ ብቻ... እስከ ሰኞ ባይከፈት ብዬ ነበር። ልገፋው አልነበረም። ካርዱን ከእጄ ሊቀማኝ ሲል...»

ሚስትየው እጇን ከእጁ ነጠቀች።

*

ሲወስዱት ዝናቡ አባርቶ ነበር። መርማሪዋ ቁልፉን ለእናትየው መለሰችላት፤ እናትየው ግን በሩን ከፍታ መውጣቱን አላሰበችውም። ሚስትየው ሽቦን ቀና ብላ ሳታየው «እሑድ የትም አትሄድ» አለችው።

ሽቦ ከአንድ ፖሊስ ጋር ቆጡ ላይ ወጣ፤ መርማሪዋ ፎቶዎቹን ከነቀናቸው ማየት ፈልጋለች። ካርዱን ወደ መጀመሪያው ክፍተት ሲመልሰው ጠቅ የሚለው ድምፅ እስከ ሳሎን ተሰማ። ማራገቢያው ጮኸ፤ ቀጥሎም ረጋ አለ።

«ስክሪኑ ላይ ምን ይታያል?» አለች መርማሪዋ ከታች።

«ምንም!» አለ ሽቦ፣ እያለቀሰ ይመስላል። «ምንም አይታይም። ተከራዩ ተነሥቷል።»

ያኔ እናትየው ጭን ላይ ታብሌቱ በራ፤ ጠራም። የእኅቷ ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትሞክር ቆይታለች።

ዕድሜዋን ሙሉ ለመርዶ ስትዘጋጅ የኖረችው ሴት፣ አንዲት ቃል እንኳ ያዘጋጀችው እንደሌለ አወቀች።

«አንቺ! ምነው ጠፋሽ?» አለች እኅቷ። «ጠይቄሽ ሳትመልሺልኝ። ጋሼ ደህና ነው?»