ባዶ ነው የተባለው ቦታ

ፎቶው የለም። በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የቀረው የፕላስተር ቁራጭ ብቻ ነው። ሳጅን ዱባለ በሩን መረመረ። አልተሰበረም።

ሌሊት የጠፋው አንሶላ የሚያህል የሳተላይት ፎቶ ነው። የከተማ ፕላን ባለሙያዎች «ሰፈራችሁን ራሳችሁ ንደፉ» ብለው አምጥተውት፣ ነዋሪው ተሰብስቦ የሚፈልገውን መንገድ በማርከር አስምሮበታል። ዛሬ ከሰዓት ሊወስዱት ይመጣሉ።

ሁሉም የጠረጠረው ሶርሳን ነው። የቦታ ደላላው ሶርሳ መንገዱ በእሱ ቦታ በኩል አላለፈም ብሎ ከትናንት በስቲያ ስብሰባው ላይ ሲጮህ ነበር የዋለው።

«ጯሂ ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም!» አለ። «ከትናንት ጀምሮ ቤሌ ከተማ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። አሁን ከአውቶቡስ መውረዴ ነው።»

የአውቶቡሱ ረዳት መሰከረለት።

«መንገዱ በየት በኩል ነው የተሰመረው?» ዱባለ ራሱ የሰፈሩ ነዋሪ ነው፤ መልሱን ያውቀዋል። የሚጠይቀው የሰውዬውን ዓይን ለማየት ነው።

«በባዶው ቦታ ነዋ! በአረንጓዴው!»

ዘበኛው ኤርሳዶም ተጠየቀ። «በባዶው ቦታ» አለ።

መምህር ሚልክያስ ቀጠለ። ነዋሪው ማርከሩንም፣ የአዳራሹን ቁልፍም የሰጠው ለእሱ ነው። ላብ አጥምቆታል።

«መንገዱ በየት በኩል ነው፣ መምህር?»

«በእማማ አዛለች ቤት ላይ።»

ዱባለ ቀና አለ። ያንን ቤት ፎቶው ላይ ማንም አላየውም፤ እሱም አላየውም። የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ሲያበራ፣ የእማማ አዛለች የሣር ክዳን ከእንሰቱና ከአቮካዶው ሥር ነው። ከሰማይ ሲታይ አረንጓዴ ብቻ ነው።

«ማንም ያላየውን ቤት አንተ እንዴት አየኸው?»

ሚልክያስ ተቀመጠ።

«ካሰመርኩት በኋላ እሳቸው ጋ እራት ስበላ ነው የገባኝ። ወላጆቼ ሲሞቱ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ሳጅን። ያደግኩበትን ቤት ባዶ ቦታ አልኩት! ፎቶው አልጋዬ ሥር ነው።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«አፈርኩ። ያ ሁሉ ሰው አጨብጭቦልኝ…»

 ዱባለም አጨብጭቧል። ከዚያ ጓሮ አቮካዶ እየለቀመ ያደገ ሰው ዛሬ ሌባ ፈላጊ ሆኖ መምጣቱ አሳፈረው።

ከሰዓት ፎቶው ተመልሶ ተለጠፈ። ሚልክያስ በነዋሪው ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ሶርሳ እንኳ አንገቱን ደፋ። መስመሩ እንዲነሳ ሁሉም ተስማሙ፤ የእማማ አዛለች ቤት ተረፈ።

እማማ አዛለች ተነስተው አረንጓዴውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ስታሰምር ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣ ልጄ» አሉት። «ማርከሩን የያዝከው አንተ ስለሆንክ ግን ደግ ነገር ነው ብዬ እኔም አጨበጨብኩ።»

ዱባለ ያን ጊዜ ካቴና ቢያወጣ ኖሮ ሚልክያስ ሁለት እጁን በደስታ ይዘረጋለት ነበር።