ንብ ሳይነካው ያፈራው ዱባ

ይሄ በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም። የማያምነኝ ካለ አልቀየመውም... እኔም ውሸት በሆነልኝ እያልኩ ነው የምጽፈው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ተኩል። ፀሐይ ወጥታለች፣ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቷል። ቦታው የቤታችን ጓሮ። አስፈሪ ነገር ጨለማ ይጠብቃል የሚል ሰው የእኛን ጓሮ አላየም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እትዬ ነው የምላት። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ባለፈው ዓመት እትዬ ወድቃ ወገቧ ተጎዳ። አልጋ ላይ ዋለች። ከዚያ ደግሞ ምግብ እምቢ አላት... ወተቱም፣ ሾርባውም፣ ያጎረስኳት ሁሉ ይመለሳል።

ከጉሮሮዋ የሚወርደው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። የጓሯችን ዱባ፣ ተቀቅሎና ተድጦ። ከገበያ የገዛሁትን አንድ ማንኪያ ቀምሳ ፊቴ ላይ ተፋችው።

ሐኪሙ "የምትበላውን ስጪያት፤ እሱንም ካቆመች ግን አትቆይም" አለኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። ዱባው ካላፈራ እህቴ ትሞታለች።

እትዬ ከአጥሩ ጥግ ሁለት ቀፎ ንብ ነበራት። አንድ ሕግም ነበራት፣ "አበባ አፉን ከፍቶ ሳለ መድኃኒት አይረጭም። ማታ፣ ንቦቹ ሲገቡ ነው።" የዱባ አበባ በማለዳ ተከፍቶ ቀትር ሳይሞላ ይዘጋል። ንቦቹ የሚሠሩበት በዚያች ሰዓት ነው።

አንድ ቀን የዱባውን ቅጠል የተክል ቅማል ወርሶት አገኘሁ። አራት ሰዓት ላይ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ ትመጣብኛለች። ማታ ደግሞ ይደክመኛል... አልኩና በሦስት ሰዓት ረጨሁት። አበባው ሁሉ ክፍት ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የለቀምኩት በመጥረጊያ ነው።

ሙሽራዋን ሸኝቼ ስወጣ ንቦቹ በጀርባቸው ወድቀው መሬት ላይ ይሽከረከሩ ነበር። በማግስቱ ሁሉም ጸጥ አሉ። አንድ ባልዲ ሙሉ ጠርጌ ቀበርኳቸው። ቢራቢሮውም ጢንዚዛውም አብሮ ጠፋ።

"ንቦቼ ምነው ዝም አሉ?" አለች እትዬ ከአልጋዋ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ "በሽታ ነው እትዬ። የሰውም ሁሉ አልቋል" አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ግማሹ እውነት ነበር። ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው መምህር፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው "የእኔም ሎሚ አበባ ብቻ ሆኖ ቀረ። ድሮ እኛ ነበርን ከንብ የምንሸሸው፤ አሁን ንቡ ሸሸን" ይሉኝ ነበር።

ከዚያ መበስበሱ መጣ...

ትንንሾቹ ዱባዎች ጡጫ ሳያክሉ ይወይባሉ። ስነካቸው ጣቴ ይሰጥማል። የሚወጣው ውሃ የሞተ አይጥ ይሸታል። የቀፎውን ክዳን ሳነሳማ ሰሙን ነጭ ትል ሞልቶት እርስ በርሱ ይርመሰመሳል። እዚያው አስታወክሁ።

እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ ንቦቹ ያደርጉት እንደነበረው፣ የአበባውን ዱቄት ከወንዱ አበባ ወደ ሴቷ ለማመላለስ ሞከርኩ። አልያዘልኝም። ኩሽና ውስጥ የቀሩት ሁለት ዱባዎች ብቻ ነበሩ።

በሁለተኛው ሳምንት... ዱባው ያዘ።

አንድ ሁለት አይደለም። ያልነካኋቸው አበቦች ሁሉ። መምህሩ "ያንቺ ብቻ እንዴት አፈራ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም ራሴን እየጠየቅሁ ነበር።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጬ በመስኮቱ አየኋት።

እትዬ ነበረች። እኔ የሰፋሁላት ሰማያዊ የሌሊት ልብስ፣ ራሷ ላይ ሻሽ። ጀርባዋን ሰጥታኝ አበቦቹ መሃል ተንበርክካለች።

ተነሳች! እንባዬ መጣ። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እህቴ ሲረዷትም ሲያዩዋትም የምትቆጣ ሰው ናት። እንዳታቆምብኝ ፈራሁ።

ግን በምንድን ነው የምታዳቅለው? እጇ ላይ ጥጥ የለም። እጆቿ መሬት ላይ ናቸው...

ፊቷን አበባው ውስጥ ከተተች።

አንገቷ ይነቃነቃል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሰማሁት። ስልፕ... ስልፕ... ስልፕ።

ወደሚቀጥለው አበባ ስትዞር ቢጫ ልጋግ ከአበባው ወደ አፏ ተዘርግቶ ተንጠለጠለ። ዝንብ ሰፍሮባታል። አላባረረችውም።

መጋረጃውን ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ብዬ ልጠይቃት?

ዱባው ደርሶ ስቆርጠው ውስጡ እንደ ንፍጥ ይሳባል። ሽታው ሰው እንዳደረበት ትራስ ነው። ፊቴን አዙሬ ቀቀልኩት፣ ፊቴን አዙሬ አጎረስኳት።

"ይጣፍጣል" አለች እትዬ። "ጨምሪልኝ።"

ስንት ወር ሙሉ ጨምሪልኝ ብላ አታውቅም! ደስ አለኝ፣ አስጠላኝም። አፏን ስጠርግላት ምላሷን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እመለከት ነበር። ጉንጯ ግን ሞላ።

ውሸቱ ግን እረፍት ነሳኝ። አንድ ጠዋት ቁርሷን ይዤ ገባሁ። ነጭ ልብስ ለብሳ ትራስ ተደግፋለች። መጋረጃው ተዘግቷል። አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩ።

"እትዬ... ንቦቹን እኔ ነኝ የፈጀኋቸው። ጠዋት ረጭቼ።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?"

"ሽታው በመስኮት ገባ እኮ። ምጥ የያዛት ሴት እንኳ እንደ አንቺ ስትቸኩል አላየሁም።" እጄን ያዘችኝ። "ይቅር ብዬሻለሁ። ደግሞ ካስሽኝ። በየጠዋቱ ከአበባው ስር ተንበርክከሽ ሳይሽ አንጀቴን በላሽው።"

"እኔ?"

"አዎ። በመጋረጃው ቀዳዳ አይሻለሁ። ያንን ሰማያዊ ልብሴን ለብሰሽ።"

ሰማያዊው ልብስ... ከማድረቂያው ገመድ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። እሷ ወስዳው ነው ብዬ ነበር።

"እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ የምትወጪው?"

"ቀልደኛ! ሳትደግፊኝ ሽንት ቤት መሄድ ያቃተኝ ሰው?"

ተያየን።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ቅርብ ነው... ስልፕ... ስልፕ።

"ታዲያ ማነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ዝም በይ... እንዳትነሺ።"

ያንን ሁሉ ዱባ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ከፍርሃቴ ንዴቴ በለጠ። መጥረጊያዬን ይዤ በኩሽና በር ወጣሁ።

ማንም የለም።

ሰማያዊው ልብስ ቅጠሉ ላይ ተጥሏል። በመጥረጊያው ጫፍ አነሳሁት። ርሷል፣ ልጋጉ ይንጠባጠባል፣ ከውስጥ በኩል ትንንሽ ጥቁር ፀጉሮች ተጣብቀውበታል።

ማታ ያጠጣሁት አፈር ለስላሳ ነው። የተንበረከከበት ቦታ ፍንትው ብሎ ይታያል።

የጉልበቶቹን ጉድጓድ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

ስድስት።

ስድስት ስድስቱ እየተከታተሉ ወደ እትዬ መስኮት ይሄዳሉ። ተከተልኳቸው። መስታወቱ ላይ፣ በአፍ ከፍታ፣ ወፍራም ቢጫ ልጋግ ተለድፏል። ሞቅ ያለ ነው፤ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ቀና አልኩ።

መጋረጃው ተከፍቷል። እህቴ ቆማለች። ግድግዳ አልያዘችም፣ ዱላ አልያዘችም። ዓይኗን ጨፍናለች።

"እትዬ..."

አልሰማችኝም። አፏን ከውስጥ መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ በዚያው በልጋጉ ልክ፣ ትልሰዋለች።

ልጋጉ ወደ ታች ወረደ። እሷም ሳታቋርጥ እየተንበረከከች ተከተለችው።