በትንፋሽ የተባለ አዎ

ያደሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሲያጭበረብር ነው።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለች ክሊኒክ ጆሮ እመረምራለሁ። ተመርማሪው ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አጥልቆ ይቀመጣል፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር በእጁ የያዘውን ቁልፍ ይጫናል። ያደሳ ግን ገና ድምፁ ሳይደርሰው ይጫናል። ለካ በመስታወቱ በኩል የእኔን እጅ እያየ ነው።

«እጄን አይዩ፤ ያዳምጡ» አልኩት።

«አንተ በይኝ። ጆሮዬ ነው እንጂ እኔ አላረጀሁም።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ዝም አለ።

ያደሳ ብየዳ ቤት አለው፤ በርና መስኮት ይሠራል። የብረት መቁረጫው ጩኸት ለዓመታት ጆሮውን በልቶታል። ወፍራም ድምፅ ደህና አድርጎ ይሰማል። የሚያመልጠው ቀጭኑና ስሱ ነው፤ የወፍ ድምፅ፣ የወረቀት ኮሽታ፣ በቃል ውስጥ ያሉት «ስ» እና «ፍ»።

ታዲያ ከሰው ጋር እንዴት እግባባለሁ ብሎ ተከራከረኝ። ጆሮ አቀባይ ብቻ እንደሆነ፣ የሚሰማው አእምሮ እንደሆነ ነገርኩት። አእምሮ ክፍተት አይወድም፤ የጎደለውን ድምፅ ከከንፈር እንቅስቃሴ፣ ከለመደውና ከሚጠብቀው ነገር ይሞላዋል።

«ከሚፈራውስ?»

«ከሚፈራውም።»

የመስሚያ መሣሪያ አዘዝንለት። መሣሪያው እስኪመጣ እሱ መምጣቱን አላቆመም። የሚንቋቋውን የክሊኒኩን በር ማንም ሳይጠይቀው አስተካከለ። ከሥራ ስወጣ በፒካፑ አስኮ ወላጆቼ ቤት ያደርሰኝ ጀመር። ስናወራ ፊቴን ትክ ብሎ ያየኛል፤ አፍቅሮኝ ይሁን ከንፈሬን እያነበበ ይሁን መለየት ያቅተኛል።

አንድ ቀን መንገዱ ተጨናንቆ፣ ዓይኑን ከፊት ለፊቱ ሳይነቅል ጠየቀኝ።

«ፅጌ... እናንተ ቤት ሽማግሌ ልላክ?»

ደስታው ቃል አሳጣኝ። እንደ ልማዴ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አልኩት።

ዝም አለ። እስከ ደጃችን ድረስ ዝም አለ። «ደህና እደሪ» ብሎኝ ሄደ።

ሽማግሌ አልመጣም። እሱም ቀረ። ለእናቴ ነግሬያት ስለነበር በየእሑዱ አዲሱን የሶፋ ልብስ ታለብስ ነበር፤ በኋላ ምንም ሳትናገር አጣጥፋ አስቀመጠችው። ተጸጽቶ ነው አልኩ። ደውዬ እንዳልጠይቀው ኩራት ያዘኝ።

መሣሪያው ሲገባ የእንግዳ መቀበያዋ መሲ ደወለችለት። መጣ።

«እንደምን ዋሉ?» አለኝ።

ከመቅረቱ ይልቅ ያ «ዋሉ» ጎዳኝ።

መሣሪያውን ከጆሮው ኋላ አድርጌ አበራሁት። የጋዎኔ ኮሽታ ራሱ አስደነገጠው። ጀርባዬን ሰጥቼው በኮምፒውተሩ ድምፁን ሳስተካክል መሲ አንገቷን በበሩ አስገባች።

«ፅጌዬ፣ ሻይ ልላክልሽ?»

ትንፋሼን ሳብ አደረግኩላት። ሄደች።

«ምን አልሻት?» አለ ያደሳ። አንቺ ማለቱን እሱም አላወቀውም።

«አዎ ነዋ።»

«በምን?»

«በ...» አቆምኩ። ዞሬ ሳየው እጁን ጆሮው ላይ አድርጓል።

«መኪና ውስጥም እንዲህ ነው ያልሽኝ?»

«እንዲህ ነው ያልኩህ።»

እጁን ከጆሮው አወረደ።

«ብረት ቀጥቃጭ አላገባም ማለት ከብዶሽ ዝም ያልሽ መስሎኝ... ሰው እንዲህ አዎ እንደሚል እኮ ረስቼዋለሁ። ከሰማሁት ስንት ዘመኔ።»

ክፍተቱን በሚፈራው ነበር የሞላው። እኔም የእሱን ዝምታ በምፈራው ሞላሁት፤ ያውም በደህና ጆሮ።

«እንደገና ጠይቀኝ» አልኩት። የመመርመሪያውን ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጥኩና ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ሽማግሌ ልላክ?»

ትንፋሼን ሳብኩ።

ከኋላዬ ቁልፉ ቀጭ አለ።