ሉካንዳው ነርስ

«ሉካንዳው መጣ!» አለች ፍንጭት ሳቋን በመዳፏ አፍና። «ጋዋኑን ደግሞ እንዴት ነው የተኮሰው! ዛሬ ኪሎው ስንት ገባ በይው እስቲ።»

አጠገቧ የቆመችው ልጅም አብራት ሳቀች። ነጭ ጋዋን የለበሰው ግዙፍ ሰው የኮሪደሩን ግማሽ ሞልቶ አጠገባቸው ደረሰ። ሁለቱንም እኩል አየና «ደህና አደራችሁ?» ብሎ አለፈ። ዓይኑ በልጅቷ ላይ ለአፍታ እንኳ አልቆየም። ቃሉን ጠብቋል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ አይተዋወቁም። እንደዚያ እንዲሆን የለመነችው ደግሞ እሷ ራሷ ነበረች።

ሰውየው አባቷ ነው።

ድሮ ሥጋ ቤት ነበረው። እናቷ ታማ አልጋ ላይ ስትቀር ግን ቢላውን ለሠራተኞቹ ትቶ ቤት መዋል ጀመረ። ቁስል ማጠብ፣ በሽተኛ ማገላበጥ፣ መርፌ መውጋት፣ ሁሉንም ቤት ድረስ ከምትመጣው ነርስ ተማረ። እነዚያ አካፋ የሚያካክሉ እጆች እናቷን ሲነኩ ላባ ይሆኑ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ሥራውን ተሳስቷል» ትል ነበር እናቷ ለነርሷ። እናቷ ካረፈች በኋላ ሥጋ ቤቱን ለሌላ ሰው አስረከበና፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ነርስነት ሊማር ቁጭ አለ። ዘመድ አዝማዱ «ሐዘኑ ናላውን አዞረው» ብሎ አማው። የምታስጠናው እሷ ነበረች። ራት ላይ የአጥንቶችን ስም ትጠይቀዋለች፤ ከተሳሳተ ሳህን የሚያጥበው እሱ ነው። ባይሳሳትም የሚያጥበው እሱ ነበር።

ዘንድሮ ይህ ትምህርት ቤት ሲቀጥረው እሷንም ይዟት መጣ። ገና ክፍሏን ሳትለምድ አንዱ ልጅ «ይሄ ሰውዬ እኮ እኛ ሰፈር ሥጋ ይሸጥ ነበር!» አለ። በቃ፣ ስም ወጣለት። «መርፌውን የሚወጋን በካራ ነው» የማይል ጠፋ።

የዚያን ዕለት ማታ ልብስ ሲያጥፍ አገኘችው።

«አባዬ፣ እዚያ... ልጅህ መሆኔን ሰው ባያውቅ ደስ ይለኛል።»

አባቷ የያዘውን ሸሚዝ አጥፎ ጨረሰ። ደግሞ ፈታና እንደገና አጠፈው።

«እሺ፣ የኔ እናት። አንቺ እንደሚመችሽ።»

ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከአውቶቡስ የምትወርደው አንድ ፌርማታ ቀድማ ነው። ትምህርት ቤት የጀመሩት ዝምታም ተከትሏቸው ቤት ገባ። ራት ላይ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። የአጥንት ስም የሚጠይቅ የለም፤ እሱ ተመርቋል። እሷም ውሎዋን አትነግረው፣ ውሎውን አትጠይቀው።

የቀረቻት ፍንጭት ናት። ሌላው ሁሉ ከድሮ ጓደኛው ጋር ሲቀመጥ፣ ቦርሳዋን አጠገቧ ወርውራ «እዚህ ሰው አለ? ከሌለ እኔ አለሁ» ያለቻት እሷ ነበረች። ስሟ የወጣላት ከፊት ጥርሶቿ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ትኮራበታለች።

የሒሳብ ፈተና ዕለት ፍንጭት ክፍል አልገባችም። ልጅቷ ወደ ፈተናው ስትሮጥ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተቀምጣ ሳለች አይታታለች። «አላጠናሁም፣ ፎርፌያለሁ» ብላ ነበር እጇን እያወዛወዘች። በማግስቱ መምህሩ የት እንደነበረች ሲጠይቃት ግን ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አሞኝ ነበር ቲቸር። ክሊኒክ ብሄድ ነርሱ ‹ምንም አልሆንሽም፣ ውጪልኝ› ብሎ አባረረኝ።»

ክፍሉ ተንጫጫ። ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት አድጎ ነርሱ ጮኸባት፣ ከዚያም ገፈተራት ተባለ። የትምህርት ሰዓት ሳያልቅ የፍንጭት እናት መጥተው የዳይሬክተሯ በር ላይ «የልጆቻችንን ነፍስ ለሥጋ ሻጭ ነው የሰጣችሁት?» ሲሉ ግቢው ሁሉ ሰማ።

ያን ምሽት አባቷ ድንች እየላጠ ነበር።

«ነገ ጠዋት ዳይሬክተሯ ጋ እቀርባለሁ» አለ። «አንዲት ልጅ ታማ መጥታ አባረርካት ብለውኛል።»

«አባረርካት እንዴ?» አለች፣ መልሱን እያወቀች።

«ኧረ አልመጣችም!» ቢላዋውን አስቀመጠ። «ካንቺ ጋር አይቻታለሁ መሰለኝ። አንድ ነገር ቢጨንቃት ነው እንጂ ልጅ ዝም ብሎ እንዲህ አይልም። ቤቷ ሰላም ነው?»

ተናገሪልኝ ይላል ብላ ጠበቀች። አላለም።

«ከሥራ ቢያስወጡህስ?»

«ምን አደርጋለሁ? ካራዎቼን እንደሆነ ሸጬያቸዋለሁ» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ እምቢ ሲለው ወደ ድንቹ ተመለሰ።

ጠዋት ፍንጭትን ቧንቧው ጋ አገኘቻት።

«ሂጂና እውነቱን ተናገሪ።»

«አብደሻል? እናቴ ትገድለኛለች።»

«ሰውየውን ሊያባርሩት ነው እኮ።»

«ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ? ሉካንዳው ዘመድሽ ነው?»

ልጅቷ ውሃው ሲወርድ አየች። ቧንቧውን ዘጋችው።

«አባቴ ነው።»

ፍንጭት ልትስቅ አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቷን አየችና ተወችው።

«ሙድ ስይዝበት አብረሽኝ ትስቂ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«በሱ ላይ እኔ አንዴ ነው የዋሸሁት። አንቺ በየቀኑ ነው። ማናችን እንብሳለን?»

ልጅቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች፤ ዓይኗን ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ አዞረች።

«ብትናገሪ አላውቅሽም» አለች ፍንጭት። የተዘጋውን ቧንቧ ደግማ ጠበቅ አደረገችው። «እውነቴን ነው። አጠገቤ እንዳትቀመጪ።»

«እሺ።»

ደወል ተደወለ። ተማሪው ሁሉ ወደ ክፍሎቹ ሲጎርፍ እሷ ብቻዋን በተቃራኒው መንገድ ሄደች። ሜዳው እንደዚያ ሰፍቶባት አያውቅም። አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየች። ፍንጭት አሁንም ቧንቧው ጋ ቆማለች፤ አልተከተለቻትም።

የዳይሬክተሯ ጸሐፊ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ደወል አልሰማሽም? ምን ፈልገሽ ነው?»

«ዳይሬክተሯን ላናግር ነበር። ስለ ነርሱ...» አለችና ቃሏን ቀየረች። «ስለ አባቴ ነው።»

ጸሐፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ተነሥተው በሩን አንኳኩና ከፈቱላት።

አባቷ ለቁመቱ በማትመጥን ወንበር ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የፍንጭት እናት ፊት ለፊቱ ናቸው፣ ዳይሬክተሯ ከጠረጴዛው ኋላ። ሁሉም ዞር አሉ። አባቷም አያትና፣ እንደማያውቃት ተማሪ ቶሎ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ።

ግድግዳው ሥር ባዶ ወንበር ነበር። ጎትታ አመጣችና አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።